ወተት በአፍንጫው የሚመለስ ልጅ

ዛሬ የምናነሳው ከልጅ ጋር አብሮ ስለሚወለድ አንድ ሕመም ነው። ሐኪሞች «22ኪው11.2 ጉድለት» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ይሠሩ በነበሩት የሕፃናት ሐኪም በአንጄሎ ዲጆርጅ ስም «ዲጆርጅ ሲንድሮም» የሚሉትም አሉ። ከሚወለዱ 2,000 እስከ 4,000 ሕፃናት አንዱ ይህ ጉድለት እንዳለበት ይገመታል። ስሙን ሰምተን ባናውቅም ልጆቹ በየሰፈራችን አሉ ማለት ነው።

ነገሩ ምንድን ነው? በሰውነታችን ህዋስ ውስጥ 46 ክሮሞዞሞች በ23 ጥንድ ተቀምጠዋል። የአካላችን አሠራር የተጻፈባቸው ኪታቦች እንበላቸው። መድረሳ የቀራ ሰው የሚከተለውን በቀላሉ ይረዳዋል። ደረሳው ከሸኹ ኪታብ ሲገለብጥ ሁለት መስመሮች በአንድ ዓይነት ቃል ከጀመሩ ዓይኑ ከላይኛው ወደ ታችኛው ይዘልና በመካከል ያለው ሳይጻፍ ይቀራል። በ22ኛው ክሮሞዞም ላይም እጅግ የሚመሳሰሉ ክፍሎች ተቀራርበው ይገኛሉ። የአባት ወይም የእናት የዘር ህዋስ ሲዘጋጅ አሰላለፋቸው ይዛባና ብዙውን ጊዜ 3 ሚሊዮን ያህል «ፊደላት» ተዘለው ይቀራሉ። ከሁለቱ 22ኛ ክሮሞዞሞች አንዱ ሙሉ ነው፤ የጎደለው ሌላኛው ነው።

ይህን ያስረዘምነው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጁ እንዲህ ሆኖ ሲወለድ በብዙ ቤት መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ዘር ነው?» የሚል ነው። ጣት የሚቀሰረውም በእናት ላይ ነው። በእርግዝናዋ ጊዜ ደንግጣ ነው፣ ዓይን በልቷት ነው፣ የማይሆን ነገር በልታ ነው ይባላል። በዚህ ሰበብ ወደ ቤተሰቦቿ የተመለሰች እህት ጉዳይዋ ወደ እኛ መጥቶ ያውቃል። ባሎች ሆይ፣ አድምጡ! ከአሥሩ በዘጠኙ ልጆች ላይ ጉድለቱ አዲስ የተከሰተ ነው፤ በአባትም በእናትም ደም የለም። እናት በመብላቷ፣ በመደንገጧ ወይም በመሥራቷ የሚመጣ ነገር አይደለም። ዘመድ ከዘመድ መጋባቱም መንስኤው አይደለም። በቀረው በአንዱ ላይ ከወላጅ የወረደ ነው፤ ያ ወላጅ ምልክቱ ቀላል ሆኖበት ሳያውቀው የኖረ ሊሆን ይችላል፣ አባትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልጁ ሲመረመር ሁለቱም ወላጆች መመርመር ይገባቸዋል። ጉድለቱ ያለበት ሰው በእያንዳንዱ እርግዝና ለልጁ የማስተላለፉ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። ጉድለቱ የሌለባቸው ወላጆች ሁለተኛ እንዲህ ያለ ልጅ የመውለዳቸው ዕድል ግን በጣም ትንሽ ነው።

ምልክቶቹ ከልጅ ልጅ ይለያያሉ፤ በወንድማማቾች መካከል እንኳ አንድ አይሆኑም። ብዙዎቹ ሲወለዱ የልብ አፈጣጠር ችግር አለባቸው። ሕፃኑ ሲጠባ የሚደክመው፣ የሚያልበው፣ ከንፈሩ የሚጠቁር ከሆነ ቀን መቁጠር አያስፈልግም፤ ልቡ በአልትራሳውንድ ይታይ። ሌላው በላንቃ ላይ ነው። ላንቃው ተሰንጥቆ ወይም በደንብ መዝጋት አቅቶት ወተቱ በአፍንጫው ይመለሳል፤ አፍ ሲፈታም ድምፁ በአፍንጫ ይወጣል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በአገራችን ሕፃን መጥባት ሲያቅተው «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ ወደ ቆራጭ ይወሰዳል። እንጥል ማስቆረጥ ለማንም ልጅ የሚበጅ አይደለም፤ በእነዚህ ልጆች ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይበረታል። ላንቃቸው ቀድሞውኑ ደካማ ነው፣ ደም የሚያረጉ ህዋሶቻቸው አንዳንዴ ያንሳሉ፣ በሽታ የመከላከል አቅማቸውም ዝቅ ሊል ይችላል። ሐኪም ቤት እንኳ ከአፍንጫ ጀርባ ያለው ሥጋ ይውጣ ሲባል ስለ ጉድለቱ መናገር ግድ ነው፤ ሥጋው ሲወጣ አነጋገሩ ሊብስ ይችላልና። ኸትናም ቢሆን ልቡና ደሙ ከታየ በኋላ ሐኪም ቤት ቢደረግ ይሻላል።

ብዙ ጊዜ ወደ እኛ የሚመጣው ግን የመንቀጥቀጡ ነገር ነው። ሕፃኑ በድንገት ይገታተራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ይገለበጣል። ቤተሰቡ «ጂን ነው» ብሎ ይዞ ይመጣል። ሩቅያ ሱንና ነው፤ እኛም እንቀራለን። ይሁንና እነዚህ ልጆች በአንገት ያሉት ካልሲየምን የሚቆጣጠሩ ዕጢዎች ስለሚደክሙባቸው በደማቸው ያለው ካልሲየም ይወርዳል፤ የወረደ ካልሲየም ደግሞ ያንቀጠቅጣል። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በመድኃኒትም ይስተካከላል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕክምናን እንድንሻ አዘዋል። እየተንቀጠቀጠ ያለ ሕፃን ይዞ በሸኽ ደጃፍ ወረፋ መጠበቅ ከዚህ ትእዛዝ ጋር አይሄድም። ዱዓው መንገድ ላይም፣ ሐኪም ቤትም ይደረጋል። ካልሲየሙ በትኩሳት፣ በቀዶ ሕክምናና በጉርምስና ጊዜ እንደገና ሊወርድ ስለሚችል ክትትሉ በሕፃንነት አይቆምም። ልጁ አድጎ ረመዳንን መጾም ሲፈልግም አስቀድሞ ሐኪሙ ይጠየቅ።

በክትባት ጉዳይ ወላጆች በራሳቸው አይወስኑ። አንዳንድ ክትባቶች፣ ለምሳሌ የኩፍኝ፣ የተዳከመ ሕያው ተሕዋሲ ያለባቸው ስለሆኑ የልጁ የመከላከል አቅም በደም ምርመራ ከታየ በኋላ ነው የሚሰጡት። አብዛኞቹ ልጆች ይፈቀድላቸዋል። ሌሎቹ ክትባቶች አይቀሩም።

አሁን ወደ መድረሳ እንግባ፤ ይህ ክፍል ለኡስታዞች ነው። እነዚህ ልጆች ዘግይተው ነው አፍ የሚፈቱት። አየር በአፍንጫቸው ስለሚያመልጥ «ባ»፣ «ታ»፣ «ካ»፣ «ሲን» ከመኽረጃቸው አይወጡላቸውም። በተጅዊድ ጉንና የምንለው የአፍንጫ ድምፅ በየፊደሉ ላይ ይሰማል። ኡስታዙ ቀልድ መስሎት ይቆጣል፤ አለንጋ የሚያነሳም አለ። የላንቃ ችግር በአለንጋ አይስተካከልም! ላንቃን የሚሠሩ ቀዶ ሐኪሞች አሉ፤ ከዚያ በኋላ የንግግር ልምምድ ይረዳል። ጆሯቸውም በተደጋጋሚ ስለሚመረቅዝ መስማታቸው ይለካ፣ ከፊት ረድፍም ይቀመጡ። እየተቸገረ የሚቀራ ሰው ሁለት አጅር እንዳለው በሐዲስ የምናውቀውን እነዚህ ልጆች ፊት እንዳንረሳው።

ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ብዙዎቹ የሰሙትን ቃል በቃል መያዝ ላይ ከሌላው ችሎታቸው የተሻሉ ናቸው። ሒሳብና ረቂቅ ሐሳብ ይከብዳቸዋል። ስለዚህ አጫጭር ሱራዎችን በቃሉ የያዘ ልጅ በትምህርት ቤት መደመር ሲያቅተው «ሰንፎ ነው» አይባል። ትምህርቱ ተቆራርጦ፣ በዓይን እያየ፣ በእጁ እየነካ ይሰጠው።

ወላጆች በጉርምስናው ጊዜ ነቅተው ይጠብቁ። ጭንቀት ይበዛባቸዋል። ጉድለቱ ካለባቸው ከአራቱ አንዱ ያህል ደግሞ ለአካለ መጠን ሲደርስ ስኪዞፍሬንያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም ወይም መሰሉ ይይዘዋል። ልጁ ከሰው መሸሽ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ እሰማለሁ ማለት፣ እንቅልፍ ማጣት ከጀመረ ሳይውል ሳያድር ለአእምሮ ሐኪም ይታይ። ቶሎ የተጀመረ ሕክምና ብዙ ይረዳል። ማሰርና መደበቅ ሕመሙን ያብሳል።

ስለ ምርመራው አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ጉድለቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ በተለመደው የክሮሞዞም ምርመራ ላይታይ ይችላል። «ክሮሞዞሙ ደኅና ነው» የሚል ወረቀት የያዙ ወላጆች «ይህ ምርመራ 22ኪውን ያሳያል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። የሚያሳዩት ፊሽ ወይም ማይክሮአሬይ የሚባሉት ናቸው። በአገራችን በየሆስፒታሉ አይገኙም፤ ዋጋቸውም ቀላል አይደለም። ነገር ግን የካልሲየም ምርመራ፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ የጆሮና የላንቃ ምርመራ ያንን ውጤት መጠበቅ የለባቸውም። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕመም ያለባቸውን ሕፃናት የሚያክም ማዕከል አለ። ገንዘብ ያጠራቸው ቤተሰቦች ካሉ የመስጂዱ ጀመዓ ይወቃቸው፤ ለድኾች ዘካ ሲከፋፈል እነርሱም አሉ።

በመጨረሻ፣ የልጁን ወረቀቶች ሁሉ በአንድ ማኅደር አኑሩ። ከላይ ባለው ገጽ ላይ የጉድለቱን ስም፣ የልቡን ሁኔታ፣ የመጨረሻውን የካልሲየም ውጤትና የሚወስደውን መድኃኒት በጉልህ ጻፉ። ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ ተረኛው ሐኪም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ይሁን።