እረኛውን የረሳው ጫካ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ሁለት የጫካ ልጆች ነው። አንደኛው ተኩላዎች ያሳደጉት ሕንዳዊው ሞውግሊ፣ ሁለተኛው በዝንጀሮዎች እጅ ያደገው የእንግሊዝ መኳንንት ልጅ ታርዛን ነው። ሁለቱም ከተጻፉ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆናቸውም ፊልም ሠሪዎች እስካሁን አልተዋቸውም። እ.ኤ.አ. በ2016 ብቻ፣ በጥቂት ወራት ልዩነት፣ ሁለቱም በአዲስ ፊልም ብቅ አሉ። ይህን ርእስ ጎጃም ድረስ ይዤ የመጣሁበት ምክንያት አለኝ። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ የጎደለ አንድ ነገር አለ፤ የጎደለውን ለይቶ ለማየት የእናንተን ያህል የታደለ ተመልካች ብዙ አይመስለኝም።

በደራሲዎቹ ልጀምር። የታርዛን ደራሲ ኤድጋር ራይስ በሮውዝ የቺካጎ ሰው ሲሆን አፍሪካን በእግሩ ሳይረግጥ ነው የሞተው። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1912 በመጽሔት ሲወጣ በአፍሪካ ጫካ ውስጥ የእስያውን ባለ መስመር ነብር አስገብቶ ነበር፤ በመጽሐፍ ሲታተም ወደ ሴት አንበሳ ተለወጠ። ሩድያርድ ኪፕሊንግ ግን የተወለደው ቦምቤይ ነው፤ በሕንድም በጋዜጠኝነት ሠርቷል። የሞውግሊን ታሪክ የጻፈው አሜሪካ ውስጥ፣ በረዶ በሚበዛበት በቨርሞንት ተቀምጦ ቢሆንም፣ የሕንድን ገጠር ሰው ሥራ ያውቅ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለእኔ እዚህ ላይ ነው።

ማስረጃዬ የኪፕሊንግ መጽሐፍ ራሱ ነው። ሞውግሊ ከተኩላዎቹ ተለይቶ ወደ ሰው መንደር ሲገባ መንደርተኛው የሰጠው ሥራ እረኝነት ነው፤ ለማዳ ጎሾችን እንዲጠብቅ ተሰማራ። ጠላቱ፣ ሼር ካን የተባለው ባለ መስመር ነብር፣ ሊበላው አድብቷል። ሞውግሊ ግን ሼር ካን አሳማ በልቶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ሆዱ ከብዶት ጥልቅ ሰርጥ ውስጥ መተኛቱን ከተኩላ ወንድሙ ሰማ። ያን ጊዜ መንጋውን ለሁለት ከፈለው። ኮርማዎቹን ዙሪያውን ነድቶ በሰርጡ ራስ በኩል አመጣ፤ ላሞቹንና ጥጆቹን በሰርጡ አፍ ላይ አቆመ። ከዚያም ኮርማዎቹን ቁልቁል ለቀቃቸው። ነብሩ ግራ ቀኙን ቢያይ ገደሉ አያስወጣም፤ ወደ ፊት ቢል ጥጃ የያዙ ላሞች ቆመዋል። ስለዚህ ከእናቶቹ ይልቅ ኮርማዎቹን መግጠም ይሻላል ብሎ ዞረ፤ እዚያው ተረግጦ ሞተ።

በእርሻና በከብት መካከል ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ኮርማን ከላም ለይቶ መንዳት ምን ያህል ልምድ እንደሚጠይቅ፣ ጥጃዋ አጠገብ ያለች ላም እንዴት እንደምትከፋ፣ መንጋ አንዴ ቁልቁል ከተንደረደረ የሚመልሰው እንደሌለ የጎጃም እረኛ ገና በልጅነቱ ያውቀዋል። ሞውግሊ ያሸነፈው በጡንቻው አይደለም። ከብቱን፣ መልክዓ ምድሩንና የጠላቱን ጥጋብ አንድ ላይ አስልቶ ነው።

ፊልሞቹ ይህን ምን አደረጉት? እ.ኤ.አ. በ1967 ዲዝኒ በሠራው የካርቱን ፊልም ሼር ካን ጅራቱ ላይ እሳት ታስሮበት ይሸሻል። በ2016ቱ የጆን ፋቭሮው ፊልም እሳት ውስጥ ወድቆ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2018 አንዲ ሰርኪስ ያዘጋጀውና በኔትፍሊክስ የቀረበው ፊልም ልጁን ወደ መንደር ስለሚያስገባው ከሁሉም ይልቅ ለመጽሐፉ ይቀርባል፤ የጎሾቹ ወጥመድ ግን እዚያም የለም፤ በቦታው ዝሆንና ጩቤ ገብቷል። እረኛው በሦስቱም ጠፍቷል።

የፋቭሮው ፊልም በጥበቡ የሚደነቅ ነው፤ ይህን አልክድም። የተቀረጸው ሎስ አንጀለስ ከተማ ውስጥ፣ በስቱዲዮ ነው። ዛፉም፣ ወንዙም፣ አውሬውም ማለት ይቻላል በኮምፒውተር የተፈጠረ ነው፤ በሥጋ የሚታየው ዋና ተዋናይ ኒል ሴቲ የተባለው ሕፃን ብቻ ነው። ፊልሙ በምስል ጥበቡ ኦስካር አገኘ፤ በዓለም ሲኒማ ቤቶችም ከ960 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። የነብሩ ፀጉር አንድ በአንድ ይታያል። ይህን ያህል ድካም ለአውሬው ፀጉር ሲወጣ ለልጁ የእለት ሥራ ቦታ መታጣቱ ያሳዝነኛል።

የ2016ቱ የታርዛን ፊልም ሌላ ዓይነት ጥረት አድርጓል። የቆየውን የነጭ ጌታና የጥቁር አገልጋይ ሥዕል ለማረም ሲል ታሪኩን በቤልጅጉ ንጉሥ በሊዮፖልድ ዘመን ወደነበረችው ኮንጎ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1890 ለንጉሡ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ግፉን ያጋለጠውን ጥቁር አሜሪካዊ፣ ጆርጅ ዋሽንግተን ዊልያምስን፣ በሳሙኤል ጃክሰን አማካይነት በታሪኩ ውስጥ አስገባ። መልካም ነው። ሆኖም መጨረሻ ላይ ኮንጎን የሚያድናት ያው የእንግሊዝ መኳንንት ልጅ ነው። ጫካውን የሚያውቀው የአገሬው ሰው አሁንም ከኋላ ቆሞ ተመልካች ሆነ።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ልምጣ። ከደጀን ተነስቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ሰው በአንድ ጉዞ ከደጋው የጤፍ ማሳ ወርዶ የማሽላና የወባ አገር ይገባል። አርበኛው በላይ ዘለቀ ጣሊያንን በተፋለመባቸው አምስት ዓመታት የዓባይ በረሃ ምሽጉ ነበር። ከማማ ላይ ሆነው ወንጭፍ ይዘው ሰብሉን ከዝንጀሮ የሚጠብቁ ልጆች አሉ፤ እነዚህ ልጆች ዝንጀሮን የሚያውቁት ቀን ከቀን ተጋፍጠውት ስለሆነ በሮውዝ ሊጽፈው ከቻለው በላይ ነው።

ለጀብዱ ፊልም የሚሆን መጽሐፍም ከዚሁ ወጥቷል። በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ ገጠር የተወለዱት ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ተተርኮ አገር ያዳመጠው ነው፤ በቅርቡም ወደ ቴሌቪዥን ድራማ ተሻግሯል። አብዛኞቻችን የፍቅር ታሪክ አድርገን እናስበዋለን፤ እውነት ነው። ነገር ግን የመንገድም ታሪክ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ በዛብህ ከማንኩሳ ወደ ዲማ ለትምህርት፣ ኋላም ወደ ሸዋ በስደት ይሄዳል፤ የሚወዳት ሰብለ ወንጌልም ቤቷን ጥላ እሱን ፍለጋ መንገድ ትወጣለች። የአበጀ በለውና የባላገሮቹ አመፅ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ሲነሣም ገበሬው አገሩን ማወቁ ኃይል ይሆነዋል።

ስለዚህ ለወጣት ፊልም ሠሪዎች የምለው አለኝ። ከዚህ መጽሐፍ አንድ ክፍል ብቻ መርጣችሁ ብትሠሩ እንኳ የባላገሮቹን አመፅ ምረጡ። ሸለቆውን በኮምፒውተር ለመፍጠር አትድከሙ፤ ያለው ይበቃል። የፈረሱን ኮርቻ የሚጭነው ሰው መጫን የሚያውቅ ይሁን፤ መንጋ የሚነዳው ልጅም በእውነት እረኛ የሆነ ይሁን፤ ከብቱን የሚጠራበትን ድምፅ ከአፉ ተቀብላችሁ እንዳለ ቅረጹት። ጽሑፉን ስታዘጋጁም መጀመሪያ ከእረኞቹ ጋር በመስኩ ዋሉ። የትኛዋ ላም መሪ እንደሆነች፣ ጅብ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ ጎርፍ ሲወርድ መንጋው በየት እንደሚሻገር ጠይቋቸው፤ የሚነግሯችሁንም በታሪኩ ውስጥ አስገቡት።