ጭስ የሌለው ፍም

ክረምት ሲገባ በአያትና በሰሚት ኮንዶሚኒየሞች መስኮቱ ይዘጋል፤ የቡናው ከሰል ግን መንደዱን አይተውም። ብዙ ሰው የሚፈራው ጭሱን ነው። በደንብ የቀላ ፍም ደግሞ አይጨስም፤ ስለዚህ ምድጃው ለሙቀት ተብሎ መኝታ ክፍል ይገባል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ፍሙ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደም ሄሞግሎቢን ጋር ሲጣበቅ ግን ኦክስጅንን ከ200 ጊዜ በላይ ያስከነዳል። ራስ ምታቱንና ማቅለሽለሹን ሰው ጉንፋን ነው ብሎ ያልፈዋል።

ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ይዞራሉ። ወረቀት ከማደል ምድጃው ያለበትን ጥግ እያሳዩ ቢያስረዱ የበለጠ ሰሚ ያገኛሉ።

ራሱን የሳተ ሰው ከተገኘ በሩን መክፈት፣ ወደ ውጭ ማውጣት፣ ወዲያው በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥራት ነው። ሎሚ ማሽተት ጋዙን ከደም አያስወጣም።