አሮጌውን አውሮፕላን ማን ያበረዋል?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አሮጌ አውሮፕላን ነው። አትሳቁ!

ሰሞኑን የአየር ኃይላችን ሚግ-23 ፎቶ ሥር የተጻፈውን ሳነብ ነበር። «ቆርቆሮ»፣ «ሙዚየም ይግባ» ይላል የእኛው ልጅ። እውነት ነው፣ ሚግ-23 መጀመሪያ የበረረው በፈረንጆቹ 1967 ነው። የአባቶቻችን እኩያ ማለት ነው። ግን የአሜሪካው ቦምብ ጣይ ቢ-52 የበረረው በ1952፣ የመጨረሻው ከፋብሪካ የወጣው በ1962 ነው፤ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። የሩሲያው ቱ-95ም የተነሳው በዚያው በ1952 ነው። ሀብታሞቹ አሮጌ ነው ብለው አልጣሉም።

ለምን? የአውሮፕላን ዕድሜ በዓመት ብቻ አይቆጠርም። በበረረው ሰዓት፣ ተነስቶ ባረፈበት ቁጥርም ይቆጠራል። ሰዓቱ ሲሞላ ይፈታል፤ ሞተሩ ይወርዳል፣ ክንፉ ስንጥቅ እንዳይኖረው ይመረመራል፣ ያለቀው ተቀይሮ እንደገና ይገጠማል። እኛም አገር ቢሾፍቱ ላይ ደጀን አቪዬሽን የሚባለው ሥራው ይሄ ነው።

አሮጌ ይሻላል እያልኩ አይደለም። መለዋወጫው ይጠፋል፣ ሽቦው ያረጃል፣ ራዳሩን ዘመን ይቀድመዋል። ችላ ከተባለ ደግሞ አብራሪውን ይዞ ይወድቃል። ለዚህ ነው ዋናው ጥያቄ «ስንት ዓመቱ ነው?» ሳይሆን «ማን ይጠግነዋል?» የሚሆነው። ሊማሊሞን የሚያውቅ ይሄ አይጠፋውም። ያንን ጠመዝማዛ ኤንትሬ ጭነቱን ይዞ ሲወጣ የኖረው ሾፌሩ ጎበዝ ስለሆነ ብቻ ነው እንዴ? ሌሊቱን ሥሩ ተኝቶ ያደረው መካኒክስ?

በ1969 ዓ.ም. ሶማሊያ ስትወረን አሜሪካ ፊቷን አዙራብን ነበር። ኤፍ-5 አውሮፕላኖቻችን የአሜሪካ ሥሪት፣ መለዋወጫውም ከእሷው የሚመጣ። እነዚያ ጥቂት ኤፍ-5ዎች ግን የሶማሊያን ሚግ-21 አሸንፈው ሰማዩን ያዙ። ለገሰ ተፈራን ሁላችንም እናውቃለን፤ የጠላት አውሮፕላን ጥሎ፣ በኋላ ራሱ ተመቶ 11 ዓመት ገደማ ሶማሊያ ታስሯል። ክብር ይገባዋል! ግን ልጠይቃችሁ፤ የእነ ለገሰን አውሮፕላን በዚያ ሙቀት ሌት ተቀን እያደሰ ለጠዋት ያደረሰውን ቴክኒሻን ስም የምታውቁ እጃችሁን አውጡ።

አያችሁ? እኔም አላወጣሁም።

እኔ በመካኒካል ምህንድስና ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ሥራ የለኝም። ዲግሪ ይዤ እጄን ግሪስ አላስነካም ብዬ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ስቆም ከረምኩ። ካለፈው ወር ጀምሮ ግን አዘዞ አንድ ጋራዥ እየገባሁ ነው። ደመወዝ የለውም፤ ምሳ አለው። የመጀመሪያ ቀን ጋሼ የጋራዡ ባለቤት «ኢንጂነር፣ አስራ ሰባት ቁልፍ አቀብለኝ» ሲሉኝ አስራ ዘጠኝ አቀበልኳቸው። አራት ዓመት ከምናምን ተምሬ! አፈርኩ። አሁን ግን አልሳሳትም።

ሥራ አጥነቱ የእናንተ ጥፋት ነው አላልኩም፤ አይደለምም። ግን እስኪጠሩን ድረስ እጃችን አይዛግ። አገር የምትፈልገው አብራሪ ብቻ አይደለም፤ ብሎን በልኩ የሚያጠብቅም ትፈልጋለች። ነገ የአውሮፕላን ፎቶ ስታዩ «ቆርቆሮ» ከማለታችሁ በፊት ሥሩ የተኛውን ሰው አስቡት። ከቻላችሁ ደግሞ እሱን ሁኑ።