ዓይኗን ወደ እናቷ የምትሰድ ሕፃን

እርሱ፦ እኅቴ ሆይ፣ ሩማንያዊቷ ናዲያ ኮማነች ገና በ14 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በሞንትሪያል ኦሊምፒክ ፍጹም የሆነውን 10 ነጥብ አግኝታ፣ ሰሌዳው ይህን ቍጥር ለማሳየት አልተሠራምና 1.00 ብሎ ካወጣበት ዕለት ወዲህ፣ ስንቱ ወላጅ ልጁን ጎሕ ሳይቀድ ቀስቅሶ ወደ ጂምናስቲክ አዳራሽ እንደ ወሰደ እግዚአብሔር ብቻ ያውቃል።

እርሷ፦ የልጅን መክሊት አለመቅበር የተገባ ነው፤ ነገር ግን ስፋቱ 10 ሳንቲሜትር፣ ከፍታው 1 ሜትር ከ25 በሆነ አግዳሚ ላይ በባዶ እግሯ ቆማ፣ ውሃ የቋጠረ መዳፏን ነጭ ዱቄት ቀብታ፣ ከመዝለሏ አስቀድማ ዓይኗን ወደ እናቷ የምትሰድ ሕፃን የምትሻው ፍርድን ነውን?

እርሱ፦ ዳኛማ መች ጠፋ!

እርሷ፦ እኔን ግን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የአሜሪካ የጂምናስቲክ ብሔራዊ ቡድን ሐኪም የነበረው ላሪ ናሳር እ.ኤ.አ. በ2018 ሲፈረድበት ከ150 የሚበልጡ ተበዳዮች በችሎት ቃላቸውን አሰሙ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በሕክምና ስም የተደፈሩት ወላጆቻቸው በዚያው ክፍል ተቀምጠው ሳሉ ነበር፤ ሰውዬው በመካከል ቆሞ እይታን ይጋርድ ነበርና።

እርሱ፦ እንግዲያ የወላጅ መገኘት ብቻውን አይበቃም ይላሉ?

እርሷ፦ አይበቃም፤ «አመመኝ» ላለች ልጅ «ታገሺ፣ ውድድሩ ደርሷል» ብሎ መመለስ የለመደ ቤት ሌላውን ምሥጢር በምን ጆሮው ይሰማል? አሜሪካዊቷ ጂምናስት ሲሞን ባይልስ በቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ በአየር ላይ ሳለች አካሏ ያለበት ስፍራ ቢሰወርባት፣ ከቡድኑ ፍጻሜ በፈቃዷ ስትወጣ 24 ዓመት ሞልቷት ነበር። የ10 ዓመቷስ ለማን ትናገራለች?

እርሱ፦ ያውም አባቷ የወሩን ክፍያ ከፍሎ፣ መኪናውን አስነሥቶ ደጅ እየጠበቃት።