የሚያስፈራው ሕፃኑ ነውን?

(በራዲዮ የተደረገ ንግግር)



የልጅ መወለድ የደስታ ምክንያት ነው። ምጥ የያዛት ሴት በሰላም ስትገላገል ጎረቤት እልል ይላል፤ ጠያቂውም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። ይሁን እንጂ ከዚህ ደስታ በፊት ያሉት ወራት ሥጋት የሌለባቸው አይደሉም። እኔም የመጀመሪያ ልጄ በተወለደ ሌሊት በሆስፒታል መተላለፊያ ስመላለስ፥ «ልጁ ደኅና ባይሆንስ?» የሚለውን የልቤን ጥያቄ ለማንም አልተናገርሁም።

ይህንኑ የተደበቀ ጥያቄ መነሻ ያደረገ አንድ ፊልም አለ። ስሙ «ኢትስ አላይቭ» ሲሆን፥ ትርጓሜው «በሕይወት አለ» ማለት ነው። ላሪ ኮኸን የተባለው አሜሪካዊ ራሱ ደርሶ፥ ራሱ አዘጋጅቶ፥ በጥቂት ገንዘብ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1974 ለሕዝብ አቀረበው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በሎስ አንጀለስ ከተማ የሚኖሩ ፍራንክና ሌኖር ዴቪስ የተባሉ ባልና ሚስት ሁለተኛ ልጃቸውን ይጠባበቃሉ። ምጥዋ መጥቶ ሆስፒታል በገቡ ጊዜ ባልየው ከሌሎች አባቶች ጋር ተቀምጦ ስለ አየር መበከል ይጨዋወታል። ወዲያው ግን ከማዋለጃው ክፍል አንድ ሰው ደም በደም ሆኖ ይወጣና ይወድቃል። የተወለደው ሕፃን ሐኪሞቹንና ነርሶቹን ገድሎ ያመለጠ፥ ጥርስና ጥፍር ያለው ፍጡር ኖሯል።

ሕፃኑን በአሻንጉሊት መልክ የሠራው ሪክ ቤከር ነው። አዘጋጁም ሙሉ አካሉን አያሳየንም፤ ጥፍሩን በጨረፍታ እናያለን፤ ለቅሶውን እንሰማለን። የቀረውን ፍርሃት የበርናርድ ኸርማን ሙዚቃና የተመልካቹ ሐሳብ ይሞሉታል። የገንዘብ ማነስ እዚህ ላይ ለጥበብ ረዳት ሆኗል።

ዳሩ ግን የፊልሙ ቁም ነገር ከደሙ ላይ አይደለም። ፍራንክ ወሬው በተሰማ ጊዜ ሥራውን ያጣል፤ ስለ ስሙም አፍሮ ልጁን ይክዳል፤ ከአሳዳጆቹም ጋር ይተባበራል። በሌላ በኩል እናቲቱ የወሰደችውን ክኒን የሠራው ኩባንያ ወኪል ሕፃኑ ፈጽሞ እንዲጠፋ ይፈልጋል፤ ምርመራ ከተደረገ ጥፋቱ ወደ ኩባንያው እንዳይዞር ይፈራልና። ፍራንክም በአንድ ቦታ፥ ፍራንከንስታይን የጭራቁ ስም ይመስለው እንደ ነበረ፥ ኋላ ግን የሠሪው ስም መሆኑን እንደ ተረዳ ይናገራል። በመጨረሻ በከተማው የፍሳሽ ቦይ ውስጥ የቆሰለውን ሕፃን ሲያለቅስ ያገኘዋል። ሊገድለው የሄደው አባት በዚያ ጊዜ አልቅሶ በካፖርቱ ይጠቀልለዋል።

ፊልሙ በወጣ ጊዜ ብዙ ተመልካች አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1977 ጥፍር የወጣበት አልጋ በሚያሳይ አዲስ ማስታወቂያ ዳግመኛ በቀረበ ጊዜ ግን ሰው ጎረፈለት።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ ተረት ነው፤ የመድኃኒቱ ነገር ግን ተረት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በምዕራብ ጀርመን ታሊዶማይድ የተባለ መድኃኒት ይሸጥ ነበር፤ ነፍሰ ጡሮችም ለማቅለሽለሽ ይወስዱት ነበር። በ1961 ከገበያ እስኪወጣ ድረስ በብዙ አገሮች ከ10,000 የሚበልጡ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ እንደ ተወለዱ ይገመታል። በአሜሪካ ግን ፍራንሲስ ኬልሲ የተባለች የመንግሥት ሠራተኛ፥ በ1960 የፈቃድ ጥያቄው ሲቀርብላት፥ ማስረጃው አልበቃኝም ብላ፥ ኩባንያው ደጋግሞ ቢወተውታትም አልፈረመችም። ስለዚህም መድኃኒቱ በዚያ አገር ለሽያጭ ሳይፈቀድ ቀረ፤ በ1962 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሸለሟት።

እነዚያ ሕፃናት ጭራቆች አልነበሩም፤ የሚያስፈራው በእናቶቻቸው ላይ የተፈጸመው ቸልተኝነት ነበር። በፊልሙም ቢሆን ከሕፃኑ ጥፍር ይልቅ የሚያስፈራው የኩባንያው ሰው ዝምታና የአባትየው ክሕደት ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ ሥሩን የሚመረምር ሰው ሲጠፋ ቅጣቱ ባልበደለው ላይ ይወርዳል።

እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ ፊርማና ማኅተም በእጃችሁ ያለ ሁሉ፥ ነገ ጠዋት መዝገብ ሲቀርብላችሁ ይህን አስቡ። በመዝገቡ ጀርባ ስሙ ገና ያልወጣለት ሕፃን ይኖር ይሆናል።