ከመዝገብ ቤት ወደ ዳታቤዝ፦ ሠርቶ አዳሪ የማታ ተማሪና የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዲግሪ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



እኔ ተመራማሪ አይደለሁም። በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። በ2011 ዓ.ም. በዚህ ፋኩልቲ የማታ መርሐ ግብር በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ስመዘገብ ዕድሜዬ 34 ነበር፤ የሁለት ልጆችም እናት ነበርኩ። ዛሬ የምናገረው ስለ ጽናት አይደለም። ስለ ጽናት በየምረቃው ይነገራል። ልናገር የምወደው፣ የሥራ ልምድ በትምህርት ላይ ምን እንደሚጨምር፣ ምንንስ ሊተካ እንደማይችል ነው።

የማታ ተማሪን ኑሮ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁና አላራዝመውም። ከሥራ 11 ሰዓት ተኩል መውጣት፣ 12 ሰዓት ክፍል መግባት፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጦር ኃይሎች ታክሲ ተራ መሰለፍ፣ በአየር ጤና በኩል ዓለም ባንክ መድረስ። ቤት ስደርስ ልጆቼ ተኝተዋል፤ እናቴ ግን አትተኛም ነበር። እርሷ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ከሥራ መልስ በኩራዝ ነው። አንድ ምሽት ደክሞኝ «እማዬ፣ ልተወው መሰለኝ» ብላት፣ «እኔ ስሜን መጻፍ የተማርኩት አንቺን አዝዬ ነው፤ አንቺ ደግሞ ማንንም አላዘልሽም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ መተው አላነሣሁም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። መዝገብ ቤት ውስጥ ለዓመታት ያስቸገረኝ አንድ ነገር ነበር። የአንድ ባለጉዳይ አድራሻ በአምስትና በስድስት ፋይል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ሰውዬው ቤት ሲቀይር በአንዱ ፋይል ይታረማል፤ በቀሩት ውስጥ አሮጌው እንዳለ ይኖራል። ከወራት በኋላ ሁለት ፋይሎች ሁለት የተለያየ ነገር ሲናገሩ የሚንገላታው ባለጉዳዩ ነው። እኔ ይህን የሠራተኛ ስንፍና አድርጌ እቆጥረው ነበር። በሦስተኛው ዓመት የዳታቤዝ ትምህርት ላይ መምህራችን ሰንጠረዥ ሥለው «አንድ እውነት በአንድ ቦታ ብቻ ይጻፍ» ሲሉ፣ ደብተሬን ዘግቼ መደርደሪያዎቼን አሰብኩ። የችግሩ ምንጭ የሰው ስንፍና ብቻ እንዳልነበረ ያን ዕለት ገባኝ፤ አደራጃጀቱ ራሱ ስሕተትን ይወልድ ነበር።

የዚህ አስተሳሰብ አባት ኤድጋር ኮድ ነው። መረጃን እርስ በርስ በሚዛመዱ ሰንጠረዦች የማደራጀትን ሐሳብ በ1970 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም የአይቢኤም ተመራማሪ ነበር። ለእኔ ግን ከጽሑፉ ያላነሰ ያስደነቀኝ የሕይወት ታሪኩ ነው። አይቢኤም የገባው በ1949 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የዶክትሬት ዲግሪውን ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያገኘው በ1965፣ ዕድሜው 40 ካለፈ በኋላ ነው። ሥራውን ከጀመረ ከዓመታት በኋላ ወደ ትምህርት የተመለሰ ሰው ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌዬ የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ነው። አንዲት እናት ለፋይላቸው ሦስት ጊዜ ተመላልሰው «የለም» ተብለው ነበር። የመለስኳቸው እኔ ነኝ። በአራተኛው ቀን ፋይሉ ተገኘ፤ ስማቸው በሌላ ፊደል ተጽፎ በሌላ መደርደሪያ ተቀምጦ ነበር። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። የመጀመሪያው ድምፅ በሁለት ፊደል፣ በ«ፀ» ወይም በ«ጸ» ይጻፋል። ሁለተኛው ድምፅ በስድስት መልክ ይጻፋል፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ሁለት በስድስት ሲባዛ አንዱ ቃል 12 መልክ ይኖረዋል። ለጆሮ ሁሉም አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን 12 የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታልና። ስለዚህ ወረቀቱን ትተን ወደ ኮምፒውተር ብንገባም «የለም» የሚለው መልስ አብሮን ይገባል።

እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት መፍትሔ ቀላል ነበር፤ ሁሉንም ስም ወደ አንድ አጻጻፍ መለወጥ። አማካሪዬ ግን «ስሙ የባለቤቱ ነው፤ አንቺ የማረም ሥልጣን የለሽም» አሉኝ። በምክራቸው መሠረት ሁለት ዓምድ ሠራሁ። አንዱ ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው ይይዛል፤ ማንም አይነካውም። ሁለተኛው ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሲሆን ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት በውስጡ ወደ አንድ ይጠቀለላሉ። ፈላጊው በየትኛውም ፊደል ቢጽፍ ስሙ ይገኛል። ሥራው ረቂቅ አይደለም። ነገር ግን ጥያቄው ከክፍል ውስጥ አልመጣም፤ ከመስኮቱ ማዶ ከቆሙት እናት ነው የመጣው። የሥራ ልምድ ለትምህርት የሚጨምረው ይህንን ነው።

ታዲያ ልምድ የማይተካውስ? ይህን ለመናገር ያፍርኩበትን ነገር መግለጥ አለብኝ።

ስመዘገብ በእኛ የትምህርት መስክ የመውጫ ፈተና የሚባል ነገር አልነበረም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ተቋረጠ፤ ተመለስን። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. አገር አቀፉ የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠ። እኔም ኮርሶቼን ስጨርስ ተራዬ ደረሰ። ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ እኔ ከዚያ በታች አገኘሁ። ቤተሰቤ ለምረቃ ድግስ ጌሾ ሸምቶ ነበር።

ለጥቂት ሳምንታት ጥፋቱን በሌላው ላይ ስፈልግ ቆየሁ፦ በመብራት መቋረጥ፣ በላብራቶሪው ጥበት፣ በታክሲው። ሁሉም እውነት ነበሩ። ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጠው እውነት፣ በየዓመቱ ሥራዬን የሚነካውን ትምህርት በፍቅር ስማር፣ የማይነካውን ለማለፍ ያህል ብቻ ሸምድጄ መርሳቴ ነበር። ኔትወርክ ከረሳሁት አንዱ ነው። «ፋይል የሚፈልግ ሰው ኔትወርክ ምን ያደርግለታል?» እል ነበር።

በድጋሚ ሳጠና ከሌሊቱ 10 ሰዓት እየተነሣሁ ከመጀመሪያው ዓመት ጀመርኩ። የአይፒ አድራሻ አከፋፈልን የተረዳሁት በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ነው። አድራሻው 32 ቢት አለው። የመጀመሪያው ክፍል የብሎኩ ቁጥር ነው፤ የቀረው የቤቱ ቁጥር። 26 ቢት ለብሎኩ ከሰጠን ለቤቶቹ 6 ቢት ይቀራል፤ ይህም 64 ቁጥር ይሰጣል። ከእነርሱ አንዱ የብሎኩ የራሱ መጠሪያ፣ አንዱም ለሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ መልእክት ማስተላለፊያ ስለሆነ ለነዋሪ የሚተርፈው 62 ነው። አምስት ዓመት ያስፈራኝ ነገር ደረጃዬን ስወጣ በየበሩ ተጽፎ አገኘሁት። ከዚያም የፍለጋ ሥራዬን ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ለማድረስ የሚያስፈልገኝ ይኸው የናቅሁት ኔትወርክ መሆኑን አየሁ። በሁለተኛው ፈተና አለፍኩ።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥቼ ለፋኩልቲው ሦስት ጥያቄ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የማታ ተማሪ ላብራቶሪ የሚያገኘው ቅዳሜና እሑድ ነው፤ በእነዚህ ቀናት ይከፈትለት። ሁለተኛ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ርእስ በተቻለ መጠን ከተማሪው የሥራ ቦታ ይመንጭ፤ ከተዘጋጀ ዝርዝር መምረጥ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። ሦስተኛ፣ የማታ ትምህርት ረጅም ዓመት የሚወስድ ነውና የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኮርሶች በየዓመቱ መጨረሻ ይከለሱ። በመውጫ ፈተና ዋዜማ የሚደረግ የሦስት ሳምንት ክለሳ የዓመታትን መርሳት አይመልስም።

ለሥራ ባልደረቦቼ፣ በተለይ ለመመዝገብ እያመነታችሁ ላላችሁ፣ አንድ ነገር ልበል። ዲግሪው እስካሁን የደረጃ ዕድገት አላመጣልኝም። የሠራሁትም ሥርዓት የሚሠራው በአንድ ክፍል፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ እንዲቀበለው ያቀረብኩት ማመልከቻ ውሳኔ እየጠበቀ ነው። ይህን ደብቄ «ተማሩ» ብላችሁ አላገለግላችሁም። ይሁን እንጂ አሁን ባለጉዳይ መጥቶ ስሙን ሲነግረኝ «የለም» ከማለቴ በፊት የማደርገው ነገር አለ። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ከመምጣቴ በፊትም አንድ ፋይል በዚያ መንገድ አግኝቼ ነው የመጣሁት።