በገና ድራማ ሄሮድስን የሚጫወተው ማን ነው?



ዛሬ የምናገረው ትንሽ ስለሚመስል ጉዳይ ነው፤ በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ትምህርት ቤቶች የልደትን ድራማ ሲያዘጋጁ ለሕፃናት ሚና ስለሚያከፋፍሉበት መንገድ። በካዛንቺስና በቂርቆስ አካባቢ እንዲህ ያሉ ዝግጅቶችን ለዓመታት ተመልክቻለሁ። ድልድሉ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ማርያምን ቀይ፣ ዞማ ፀጉር ያላት ልጅ ትጫወታለች፤ መላእክቱም እርሷን የሚመስሉ ናቸው። ሄሮድስና ወታደሮቹ ጠቆርና ገዘፍ ካሉት ይመረጣሉ። የሰብአ ሰገል ካባ ወላጆቻቸው ማሰፋት ለሚችሉ ይደርሳል፤ የቀረው እረኛ ይሆናል።

ይህን ያዘዘው መጽሐፉ ነውን? አይደለም። ማቴዎስ በምዕራፍ 2 የሰብአ ሰገልን ቁጥር እንኳ አልነገረንም። ሉቃስም ስለ እረኞቹ መልክ አንዳች አልጻፈም። ስለ ማርያም የፊት ቀለም የሚናገር ቃል በሁለቱም የልደት ትረካዎች የለም። መልኩን የጨመርነው እኛ ነን።

«ታዲያ ተመልካቹ ክፉውን ከደጉ በምን ይለያል?» የሚል አዘጋጅ ይኖራል። የቀደሙት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን ሁለት ዓይኖቹ እየታዩ፣ ክፉውን ግን በጎን ፊት፣ በአንድ ዓይን ይሥሉ ነበር። ሥርዓቱ ለማስተማር ጠቅሟል። ነገር ግን የተሣለው ሰው ከግድግዳው ወርዶ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ሕፃኑ ይሄዳል። «ሄሮድስ» የሚለው ቅጽል እስከ ሰኔ ይከተለዋል። ከቅጽሉም የሚብሰው፣ ለምን እንደ ተመረጠ መረዳቱ ነው።

ሌላው መከራከሪያ «ተመልካች አያምንም» የሚለው ነው። የትያትር ታሪካችን ይህን አይደግፍም። ዮፍታሔ ንጉሤ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት መምህር ሳሉ ተማሪዎቻቸውን ለመድረክ ያበቁ ነበር። በዘመናዊው ትያትራችን መነሻ ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ወንድን በእናትነት የተቀበለ ተመልካች ጠይም ልጅን በማርያምነት ለመቀበል ምን ይከብደዋል? በዓሉስ ራሱ በሜዳው ላይ ጌታና ሎሌ በአንድ ሩር የሚጋፉበት አይደለምን?

የቂርቆስ ሰፈር ስሙን በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን በኩል ያገኘው ከአንድ የ3 ዓመት ሰማዕት ነው፤ በትውፊቱ ይህ ሕፃን በመኰንኑ ፊት ቆሞ ተናግሯል። እንግዲህ የሕፃንን ድምፅ መስማት ለዚህ ሰፈር አዲስ ነገር ሊሆን አይገባም።

የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ሚና በንባብና በድምፅ ይመረጥ እንጂ በመልክ አይመረጥ። በልምምዱ ወቅት ሕፃናቱ ይለዋወጡ፤ ሄሮድስንም ሁሉም ይሞክረው። ያን ጊዜ ክፋት ሥራ እንጂ መልክ አለመሆኑን ከመምህሩ ቃል ይልቅ ከራሳቸው አፍ ይማራሉ። አልባሳቱንም ትምህርት ቤቱ ያዘጋጅ።

ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ነገ መምህራንና አዘጋጆች ትሆናላችሁ። የሚናውን ዝርዝር ከመለጠፋችሁ በፊት አንድ ጊዜ አንብቡት፤ የማን ስም ከየትኛው ሚና ጋር እንደ ተጻፈ፣ ስለምንም እንደ ተጻፈ ራሳችሁን ጠይቁ።